ቁጥሩ ስንት ይላል?

ጋሼ ወንዳፈራሁ ሰኔ ውስጥ ከደብረ ብርሃን፣ ከዓይን ሐኪም ዘንድ ተመልሰው አይሱዟቸውን ግቢ አስገብተው ሲያቆሙ ለማንም ምንም አላሉም። ቁልፉን ኮት ኪሳቸው ከተው ወደ ቤት ገቡ። ሐኪሙ ያላቸውን የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ቦጋለች ናቸው። የግራው ዓይን ደክሟል፣ ከባድ መኪና ከእንግዲህ ይቅርብዎ ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ሲጠየቁ ሌላ ነበር የሚመልሱት።

«ሐኪሙ ልጅ ነው። መንጃ ፈቃዴ ገና እስከ ጥር ይሠራል። ክረምቱ ይውጣ፣ መንገዱ ይድረቅ፣ ያኔ እንነጋገራለን።»

እኔ ተከራያቸው ነኝ። ራቤል ከተማ፣ መንገድ ዳር ያለችውን የፊት ክፍላቸውን ይዤ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ስልክ ላይ መዝሙር እጭናለሁ። ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው። እትዬ ቦጋለች ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «ልጃችን ፍሬው» ይላሉ። ጋሼ ደግሞ «ይሄ ዝምተኛ» ነው የሚሉኝ። ድምፄ ስለማይሰማ ሁለት ጊዜ ሳይጠይቁኝ መልስ አግኝተው አያውቁም።

ኮምፒውተሬ ትልቅ ነው። ሰርግ እየቀረጸ ቪዲዮ ያቀናብርበት ከነበረ ሰው፣ ወደ ከተማ ሲሄድ የገዛሁት ነው። ማመልከቻ ለመጻፍ ያን ያህል ጉልበት ስለማያስፈልግ፣ ደንበኛ ሲጠፋ የጭነት መኪና ጨዋታ እጫወትበታለሁ። ባለ ተሳቢ መኪና ነው። ዕቃ ትጭናለህ፣ ከአንዱ የፈረንጅ ከተማ ተነሥተህ ሌላው ታደርሳለህ፣ በቃ። ጥይት የለ፣ ጠላት የለ።

ሐምሌ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ጉሙ ከጓሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። ስጫወት ያዩኝ ጀመር።

«ማርሹን አውርደው» አሉ።

«አቤት?»

«ቁልቁለት ላይ ነህ! ማርሹን አውርደው! በፍሬን ብቻ ልትወርድ ነው እንዴ? ታቃጥለዋለህ'ኮ!»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወንበሬን ወሰዱት። የኮምፒውተሩን ቁልፎች በሁለት ጣታቸው እየነኩ መኪናውን ከአንድ የጀርመን ከተማ አስወጡት። ከሰኔ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ስለ መንገዱ አስፋልት ያወራሉ፣ ስለ መኪናው ጉልበት ያወራሉ፣ ፍሬቻ ሳያሳይ የሚታጠፈውን ሁሉ ይሰድባሉ። ያን ጊዜ ነው ሁለት ተማሪዎች ወረቀት ሊያስገለብጡ የገቡት።

«ውይ! ጋሼ ወንዳፈራሁ ጌም ይጫወታሉ!»

ልጆቹ ክፋት አልነበራቸውም፣ ደስ ብሏቸው ነው። ወሬው ግን እስከ ማታ ከተማውን አዳረሰው። ጋሼ ከዚያ ወዲያ ወደ ክፍሌ አልመጡም። ቤታቸው ምድጃ ዳር ተቀምጠው ግድግዳ ማየት ጀመሩ። አንድ ጠዋት እትዬ ቦጋለች መጡና ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ምን አደረጋችሁብኝ ሰውዬውን? ቅንጬውን እንኳ ሳይነካ ነው የተነሣው። ያንን ነገር እቤት አምጣለት፤ እዚያ ማንም አያየው።»

ኮምፒውተሩን ማንሳት አይቻልም፤ እንጀራዬ እሱ ነው፣ ማተሚያውም ከእሱ ጋር ታስሯል። ግን አንድ ነገር አንብቤ ነበር። ጨዋታው ትልቁ ኮምፒውተር ላይ እየሠራ፣ ምስሉና ድምፁ ብቻ እዚያው ቤት ውስጥ ባለ ዋይፋይ ወደ ሌላ ዕቃ ይላካል። እዚያ ያለው ሰው የሚነካው ደግሞ በዚያው መንገድ ተመልሶ ወደ ትልቁ ይሄዳል። አሮጌ ላፕቶፕ ነበረችኝ፤ ጨዋታውን በራሷ መሸከም አትችልም፣ ምስሉን ለመቀበል ግን አታንስም። ጋሼ ቤት ወስጄ ከቴሌቪዥናቸው ጋር አገናኘኋት።

እትዬ ቦጋለች ቆመው ያዩኛል።

«ይሄ ካርድ አይበላም?»

«አይበላም እትዬ። ኢንተርኔት አይደለም። ከግቢው አይወጣም።»

«ከግቢው ካልወጣ እሱ ጀርመን ምን ያደርጋል?»

ጋሼ ሳቁ፤ ቅንጬውን በሉ።

መሪውን ያመጣው አብዱልናስር ነው። አብዱልናስር የሸዋ ሮቢት ነጋዴዎች ልጅ ሲሆን ዘጠኝ ዓመት የጋሼ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። አሁን የራሱ መንጃ ፈቃድ አለው፤ ጭነት ሲገኝ ግን ዛሬም ዞሮ ዞሮ ወደ እሳቸው ነው የሚመጣው። የአጎቱ ልጆች ሰልችቷቸው የጣሉትን፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫው አብሮ ያለ የጨዋታ መሪ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞ መጣ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎን አይሱዙ መሪ ያስንቃል። አይከብድም።»

«የማይከብድ መሪ መሪ ነው?» አሉ ጋሼ፤ እየተቀበሉት ግን ነው።

እንዲህ ተጀመረ። እኔ ደንበኛ ሲኖረኝ ኮምፒውተሩን እሠራበታለሁ፤ ሰው ሲጠፋ ጨዋታውን እከፍትላቸዋለሁ። ደንበኛ ድንገት ሲመጣ ግቢውን አቋርጬ «ጋሼ፣ ሰው መጣ» እላለሁ፤ እሳቸውም መኪናውን ወደ መንገዱ ዳር አውጥተው፣ ፍሬቻውን በሁለቱም በኩል አብርተው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ጨዋታውን አንድ ቁልፍ ነክቶ ባለበት ማቆም እንደሚቻል ነግሬያቸዋለሁ። አይሰሙኝም። መንገድ መሐል መኪና አይቆምማ።

አነዳዳቸውም እንዲያ ነው። ኩርባ በደረሱ ቁጥር ክላክስ ይነፋሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም አቆሙና ከኋላ የሚመጣ አውቶቡስ ተላተመባቸው። እግረኛ ካዩ «ጫነው እንጂ፣ ምስኪን!» ብለው እኔን ይቆጡኛል። በር እንደማይከፈት ስነግራቸው «ምን ዓይነት አገር ነው?» ይላሉ።

ችግሩ ግድግዳው ነበር። ቤታቸው እንደ አገሩ በድንጋይ የተገነባ ነው፤ ግድግዳው ክንድ ተኩል ይወፍራል። ብርድ አያስገባም፣ ዋይፋይም አያስገባም። በሩ ሲከፈት ይሻላል፤ እትዬ ቦጋለች ግን ብርዱን ፈርተው ወዲያው ይዘጉታል። ምስሉ እየዘገየ ይደርሳል። ጋሼ መሪውን ያዞራሉ፣ መኪናው ቆይቶ ነው የሚዞረው። አጥር ነኩ፣ ምሰሶ ነኩ።

«መሪው ከእጄ በኋላ ነው የሚዞረው» አሉኝ።

ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ትንሽ ቁጥር አወጣሁላቸው። ምስሉ ምን ያህል እንደዘገየ የሚናገር ቁጥር ነው፤ አንድ ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ የሚቆጠር።

«ስንት ይላል?» አሉኝ። እሳቸው ቁጥሩን ማንበብ አይችሉም፤ ትንሽ ነው።

«ሁለት መቶ ሠላሳ።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው ጋሼ። ሃያና ሠላሳ ቢሆን ነበር ጥሩ።»

«አሃ!» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «ይሄ የኤንትሬ ፍሬን ነው በለኛ! የዚያ አሮጌ የጭነት መኪና ፍሬን እኮ ዛሬ ረግጠኸው ነገ ነበር የሚይዘው። የጣርማ በርን ቁልቁለት በእሱ ነው የወረድኩት።»

ከዚያ ቀን በኋላ ኩርባው ሳይደርስ ቀድመው መሪ ማዞር፣ ቀድመው ፍሬን መያዝ ለመዱ። ብዙ ጊዜም ይሳካላቸው ነበር። ካልተሳካ ደግሞ ወዲያው ይጠሩኛል። «ፍሬው! ቁጥሩ ስንት ይላል?» እኔም እሄድና አነባለሁ፤ መቶ ዘጠና፣ ሁለት መቶ አርባ። «አላልኩም?» ይላሉ፣ ወደ እትዬ ቦጋለች ዞረው። «እጄ አይደለም። ግድግዳው ነው።»

ጥቅምት ገባ። መንገዱ ደረቀ። ድንች የሚነሣበት ጊዜ ስለሆነ አብዱልናስር ሰኞ ዕለት መጣ። ሸዋ ሮቢት ያለ ነጋዴ ሐሙስ የሚደርስ አርባ ኩንታል ድንች ይፈልጋል። ከራቤል ተነሥቶ ጓሳን ማቋረጥ፣ በመሐል ሜዳና በሞላሌ ማለፍ፣ ከዚያ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወደ ደብረ ሲና መውረድ ነው።

«መኪናው ከሰኔ ጀምሮ ቆሟል። ባትሪውን ላስሞላና ሐሙስ ጠዋት ይዤው ልውጣ» አለ።

«ይዘነው እንወጣለን» አሉ ጋሼ። «እኔ ነኝ የምነዳው።»

እትዬ ቦጋለች የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡ።

«ጋሼ...» አለ አብዱልናስር።

«ምን ጋሼ ትለኛለህ? መንጃ ፈቃዴ ይሠራል፣ መኪናው የእኔ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው።»

«ሐኪሙ...»

«ሐኪሙ ፊደል አስቆጠረኝ እንጂ መኪና ላይ አላየኝም! ይህን ሁሉ ሳምንት ያንን ረጅም ተሳቢ ስጎትት አልዋልኩም? የነካሁት ነገር ካለ ግድግዳው ነው ያስነካኝ። እንደውም...» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ፍሬው፣ ያ ነገር እንዳይዘገይ ማድረግ ይቻላል?»

ሁሉም አዩኝ። መሬት መሬት አየሁ።

«ይቻላል?»

«ከእኔ ኮምፒውተር እስከ ላፕቶፗ ገመድ ከተዘረጋ ይቻላል» አልኩ።

«በቃ። ገመድ ዘርጋልኝ። ረቡዕ አብዱልናስርም ይቀመጥና ይይ። ያንን ትልቁን ተራራ እወርዳለሁ። ምንም ሳልነካ ዕቃውን ካደረስኩ ሐሙስ የምነዳው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛም ማንም አፉን አይክፈትብኝ። ከነካሁ...» ኮት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። «ከነካሁ ቁልፉን ውሰዱ።»

አብዱልናስር ማክሰኞ ደብረ ብርሃን ደርሶ ገመዱን ሊያመጣ ተስማማ። እኔ ግን ያን ቀን እስኪመሽ ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል። አንድ የመሬት ማመልከቻ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አተምኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት እትዬ ቦጋለች መጡና በሬን ከኋላቸው ዘጉት። ከዚያ በፊት በር ዘግተው አናግረውኝ አያውቁም።

«አንተ ልጅ፣ ያንን ነገር ማዘግየትስ ይቻላል?»

ገባኝ።

«ይቻላል አይደል? ገመዱንም ዘርጋው፤ ግን ትንሽ... እንደ ፊቱ አድርገው። አንድ ነገር ይንካና ይብቃን።»

«ይቻላል እትዬ» አልኩ። እውነት ነው፤ ከትልቁ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ነገር ብቀያይር ምስሉ ይንቀራፈፋል።

«ፍሬው፣ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚህ በር ላይ ቆሜ ነው የኖርኩት። ጉሙ ከጓሳ ሲወርድ አሁን የት ደርሶ ይሆን እላለሁ። ዝናቡ ሲመጣ አሁን ጣርማ በር ላይ ነው እላለሁ። ያኔ ሁለት ዓይን ነበረው።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ስለ ኪዳነ ምሕረት ብለህ።»

እንቢ አላልኳቸውም፣ እሺም አላልኳቸውም። ትንሽ ጠበቁኝና ወጡ።

ያሉት ነገር ትክክል ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው ገደል እንዳይገባ መዋሸት ምን ነውር አለው? ግን ደግሞ እሳቸው በምን አምነውኝ ነው ቁጥሩን የሚጠይቁኝ? ራሳቸው አያዩትም። ለሦስት ወር ያልኳቸውን ሁሉ ተቀብለዋል። ደግሞም በአጋጣሚ ምንም ሳይነኩ ቢወርዱስ? ያኔ በእኔ ገመድ ነው ጣርማ በር የሚደርሱት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስፈራኝ ማወቅ አቃተኝ።

ረቡዕ ጠዋት ገመዱ ደረሰ። ከክፍሌ በጣሪያው ሥር አውጥቼ፣ በአጥሩ ድንጋይ ላይ አስደግፌ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በየአምስት እርምጃው አሰርኩት። እነሱ ቤት ግን የሚያስገባ ቀዳዳ አልነበረም። አብዱልናስር መሰላል ላይ ወጥቶ ክዳኑ ግድግዳው ላይ ከሚያርፍበት ሥር አሹልኮ አስገባው። ላፕቶፗ ላይ ሰካሁት። መሪውን ይዤ ዞር አደረግኩ፤ መኪናው ከእጄ ጋር ዞረ። ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር አራት ይላል። አራት! እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ ትልቁ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። ምስሉን የሚያንቀራፍፈው መቀያየሪያ ተከፍቷል። እጄን ማውሱ ላይ አሳርፌ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ምንም ሳልነካ ዘጋሁት።

ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ለእውነተኛ መንገድ እንደሚነሣ ሰው ተዘጋጅተው ጠበቁኝ። አብዱልናስር በቀኛቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ቦጋለች በር ላይ ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። እትዬ አንዴ ዞረው አዩኝ፤ ዓይኔን ሰበርኩ።

«ምን ጫንን?» አሉ ጋሼ።

«ሃያ ቶን አይብ ይላል» አልኩ።

«የሰማይ ያለህ! ይህን ሁሉ አይብ ማን ይበላዋል? በስመ አብ ወወልድ...» አማተቡና ተነሡ።

እንዲያ ሲነዱ አይቼ አላውቅም። ዳገቱን ሳይቸኩሉ ወጡ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን አውርደው፣ ፍሬን አልፎ አልፎ ብቻ ነካ እያደረጉ፣ ኩርባውን አንድ በአንድ ቆረጡት።

«ፍሬን ለችግር ነው» ይላሉ ለአብዱልናስር። «የሚያወርድህ ማርሽ ነው።»

«ያስተማሩኝን ነው የሚነግሩኝ?»

«ስለረሳኸው ነው! በቀደም በሰው መኪና ሞላሌ ላይ ጎማህ ሲጨስ አይተውሃል።»

«የማን ሐሜት ነው ይሄ? አቧራ ነው!»

እትዬ ቦጋለች እንኳ ሳያስቡት ሳቁ። ተራራው አለቀ። ምንም አልነኩም። ጋሼ ትከሻቸው ሰፋ፤ የእኔም ልብ ከደስታና ከፍርሃት የትኛውን እንደሚይዝ አላወቀም። መንገዱ ሰፋ፤ በአንድ አቅጣጫ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያስኬድ ሆነ። አንድ ረጅም ድልድይ ተሻገሩ።

ድልድዩ ላይ ነው ያየኋት። በግራው ስፖኪዮ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና። ቀስ እያለች ቀረበች፤ ከተሳቢው ጎን ደረሰች፤ እዚያው ሆና አብራ መሄድ ጀመረች። ከፊት ደግሞ ትራክተር ይጓዛል። ጋሼ ትራክተሩን ሊያልፉ ፍሬቻ ወደ ግራ አበሩ። ስፖኪዮውን ለማየት ራሳቸውን ዘወር አደረጉ፤ በደንብ ዘወር አደረጉ፤ አላጭበረበሩም። ከዚያ ረጋ ብለው መሪውን ወደ ግራ መለሱት።

ቴሌቪዥኑ ጮኸ። ቀይዋ መኪና ተገልብጣ ከመንገዱ ወጣች።

ጋሼ ፍሬን ረግጠው አቆሙ።

«ይቺ ከየት መጣች?» አሉ ጋሼ።

አብዱልናስር እግሮቹን ያያል።

«ዘግይቶ ነው። ምስሉ ዘግይቶ ነው የመጣው፣ አይደል? ፍሬው! ቁጥሩ ስንት ይላል?»

እንደ ወትሮው ነው የጠየቁኝ። ሁለት መቶ ብል ያምኑኝ ነበር። ፊታቸው እንደገና ይበራል፤ እኔም ያን ፊት ማየት እወዳለሁ። እትዬ ቦጋለች አሁን ምንም አልጠየቁኝም፤ ነጠላቸውን ይዘው ብቻ ያዩኛል።

«አራት» አልኩ።

«ስንት?»

ድምፄ አልተሰማም። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«አራት ይላል ጋሼ።»

«መቶ አራት?»

«አራት ብቻ። ዛሬ ምንም አልዘገየም።»

እጃቸው መሪው ላይ እንዳለ ቆየ።

«አንተ አየሃት?»

«አየኋት።»

«ከየት ጀምሮ?»

«ከድልድዩ ጀምሮ። በግራ ነበረች።»

«ድልድዩ እኮ ሩቅ ነው።»

«አዎ ጋሼ። ሩቅ ነው።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ መዳፋቸውን አነሥተው የቀኝ ዓይናቸውን ሸፈኑና ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ ወደ በሩ አዞሩ።

«ቦጋለች፣ እዚያ ነሽ?»

«እዚህ ነኝ።»

«በሩ ብርሃን ነው። አንቺ አትታዪኝም።» እጃቸውን አወረዱ። «ከሰኔ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አንዳንድ ቀን ይሻላል ስል፣ አንዳንድ ቀን ግድግዳው ነው ስል...»

እትዬ ቦጋለች ያ ሁሉ ቀን ሲፈልጉት የነበረው ነገር ሆኖላቸው አለቀሱ። ሄደው ከአጠገባቸው ቁጢጥ አሉና እጃቸውን ያዙ። እኔ ልወጣ ስል ጋሼ ጠሩኝ።

«የት ትሄዳለህ? ና ወዲህ።» ቀረብኩ። «እሷ አዘግየው ብላህ ነበር፣ አይደል?»

እትዬ ቦጋለች ወደ ምድጃው አዩ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬያት የኖርኩ አይመስላችሁም እንዴ?» አሉ ጋሼ። «አዘግይተኸው ቢሆን ኖሮ ነገ ማለዳ አይሱዙው ላይ ነበርኩ። ግድግዳው ነው እያልኩ።» ትከሻዬን ያዝ አድርገው ወዘወዙኝ። «አራት ብቻ! ምናለ ትንሽ ጮክ ብለህ ብትናገረው፣ ሁለት ጊዜ ከምታሰማኝ!»

ቁልፉን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው ለአብዱልናስር ሊሰጡ ዘረጉና መልሰው ጨበጡት።

«መጀመሪያ ተቀመጥ» አሉት።

«የት?»

«እዚህ! መሪው ላይ! ይህን ተራራ አውርደኝ፤ ልይህ።»

ያን ከሰዓት አብዱልናስር ተራራውን አራት ጊዜ ወረደ። አንደኛው ላይ ጋሼ በስድብ ጨረሱት። ሁለተኛው ላይ አይብ የጫነውን ተሳቢ ገለበጠና «ወላሂ የእውነቱ ይቀለኛል!» ብሎ እየሳቀ ላቡን ጠረገ። «የእውነቱ ላይ ሃያ ቶን አይብ ቢደፋብህ ሮቢት እስክትደርስ ትስቅ ነበር?» አሉት። በአራተኛው ምንም አልተናገሩም። ሲያበቃ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጡለት፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ከልክለው ትከሻውን ሳሙት።

ሐሙስ ንጋት ላይ አይሱዙው ድንቹን ጭኖ ወጣ። ጋሼ ከበር እስከ መንገዱ ሸኙት። ከተመለሱ በኋላ ግን መቀመጥ አቃታቸው፤ አንዴ ግቢውን ይዞራሉ፣ አንዴ ስልካቸውን ያወጣሉ። አራት ሰዓት ላይ እኔ ክፍል ገብተው ደወሉ። አብዱልናስር አላነሣም። ቆይቶ መልሶ ደወለ፤ ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማል።

«ጋሼ፣ እየነዱ ስልክ አይነሣም ያሉኝ እርስዎ ነዎት! አሁን ሞላሌ ቆሜ ነው። ጎማዬ አይጨስም፤ አሽትቼዋለሁ!»

«ጣርማ በር ላይ እንዳትቸኩል።»

«አልቸኩልም። ሰባት ሰዓት ላይ ደብረ ሲና ሆኜ እደውላለሁ። እስከዚያ እባክዎ ዕረፉ።»

ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሬ አዩ።

«ሥራ አለብህ?»

ሦስት ማመልከቻ ነበረብኝ። «የለብኝም» አልኩ።

«እንግዲያው ክፈትልኝ። ጭነት አልፈልግም። ባዶዬን፣ ወደማላውቀው አገር።»

ከፍቼ ተከትያቸው ሄድኩ። መሪውን ከያዙ በኋላ እትዬ ቦጋለች በርጩማውን አንሥተው መጡ። አብዱልናስር ተቀምጦበት በነበረው በቀኝ በኩል ሳይሆን፣ ዞረው በግራቸው አስቀመጡትና ተቀመጡ። ጋሼ ዞረው አዩዋቸው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«መንገዱን ላይ ነዋ። ለምን ብቻህን ታያለህ?»

«አይገባሽም።»

«መኪና መጣ ማለት ምን የሚገባ ነገር አለው?»

ጋሼ ማርሽ አስገብተው ተነሡ። መንገዱ በባሕር ዳርቻ ነበር፤ ሦስታችንም ባሕር አይተን አናውቅም።

«ቀስ በል» አሉ እትዬ ቦጋለች።

«ቀስ ብያለሁ።»

«በግራ ነጭ ነገር መጣ።»

«የቱ ነጭ?»

«ነጩ ነዋ! መጣ፣ መጣ፣ አጠገብህ ነው!»

«አይቼዋለሁ።»

«አላየኸውም።»

«እሺ አላየሁትም፤ አለፈ?»

«ቆይ... ቆይ... አለፈ። አሁን ሂድ።»

ጋሼ ፍሬቻ አበሩና ወደ ግራ ወጡ።